ጥርስ እያለው የሞተ ጎማ

«ይሄኛው ይይዛል፤ ያኛው ይቆያል።»

ሻጩ ይህን ያሉት ሁለት የሞተር ብስክሌት ጎማዎችን ባንኮኒያቸው ላይ ጎን ለጎን አቁመው ነው። ሱቃቸው ከጎማ ቁጠባ ብዙም አይርቅም። አጠገቤ የቆመው ወጣት ጎረቤቴ አንዱን በአውራ ጣቱ ጫን፣ ሌላውን ጫን እያደረገ ዝም አለ። የዚህ ልጅ እንጀራው ዕቃ በሞተር ማድረስ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ገና ማካፋት እንደ ጀመረ፣ የቸርችል ጎዳናን ቁልቁለት ሲወርድ ከፊቱ የነበረች ታክሲ ድንገት ቀጥ አለችበት። ፍሬን ያዘ። ፍሬኑ ሠራ፤ ጎማው ግን መንገዱን አልያዘም። ሞተሩ በጎኑ ተኝቶ ሲንሸራተት ልጁም አብሮ ሄደ። የግራ ክንዱ ተሰበረ፤ ሁለት ወር ያለ ሥራ ቤት ዋለ።

አደጋ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። እኔን የገረመኝ የጎማው ሁኔታ ነው። መላጣ አልነበረም። ጥርሱ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነበር። ልጁ ሲገዛው «ይቆያል» ተብሎ ነበር የተሸጠለት፤ እውነትም ቆይቷል።

«ጋሼ፣ ሁለቱንም የሚያደርግ የለም እንዴ?» ሲል ጠየቃቸው።

ሰውየው ሳቅ አሉ። «እሱ ቢኖርማ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ዓይነት ምን ብዬ እደረድር ነበር?»

መልሳቸው የነጋዴ ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ስንት ኬሚስትና ስንት መሐንዲስ ከመቶ ዓመት በላይ ሲታገለው የኖረው ጥያቄ ይኸው የልጁ ጥያቄ ነው። የሚይዝና የማያልቅ ጎማ ይገኛል ወይ? ጥያቄው ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ለማየት ወደ ኋላ ሄድ ማለት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ምንም ጎማ በሌለበት ነው። በ1885 ጀርመናውያኑ ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ ካንሽታት ላይ የሠሯት፣ ብዙዎች የሞተር ብስክሌት እናት የሚሏት ተሽከርካሪ፣ መንኮራኩሯ የእንጨት ሆኖ ዙሪያውን የብረት ቀለበት የታሰረበት ነበር። ልክ እንደ ጋሪ። እንዳትወድቅም ግራና ቀኝ ትናንሽ ደጋፊ መንኮራኩሮች ተገጥመውላታል። ብረት ይቆያል፤ በዚህ ማንም አይከራከረውም። በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ ያለው ጠባይ ግን ሌላ ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ጥሬው ጎማ ነበር። ከዛፍ የሚደማው ነጭ ወተት ረግቶ የሚሠራው ይህ ነገር በበጋ ሙቀት እንደ ሬንጅ ይጣበቃል፤ በብርድ ጊዜ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። በ1830ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከዚህ ጥሬ ጎማ ጫማና የዝናብ ልብስ እንሠራለን ብለው የተነሡ ኩባንያዎች ዕቃቸው ቀልጦባቸው ከስረዋል። ብረት የማይይዝ ሆኖ የሚቆይ፣ ጥሬ ጎማ የሚይዝ ሆኖ የማይቆይ፤ የታሪካችን ሁለት ዳርቻዎች እነዚህ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተደረገ ጉዞ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

የመጀመሪያውን እርምጃ የተራመደው ቻርልስ ጉድይር ነው። ይህ ሰው በዕዳ ተከስሶ እስር ቤት የገባ፣ ቤተሰቡን በድህነት ያኖረ፣ ግን ከጥሬ ጎማ ሐሳቡን ሊነቅል ያልቻለ አሜሪካዊ ነበር። በ1839 ማሳቹሴትስ ውስጥ ዎበርን በምትባል ከተማ ከድኝ ጋር የተደባለቀ ጎማ በጋለ ምድጃ ላይ ወድቆበት ሳይቀልጥ ሲቀር፣ መልሱ ድኝና እሳት መሆናቸው ተገለጠለት። በ1844 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ በ1860 ባለ ዕዳ ሆኖ ሞተ። ዛሬ ስሙን የተሸከመው ኩባንያ በ1898፣ እሱ ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ፣ ለመታሰቢያው ሲባል ብቻ በስሙ የተጠራ ነው። ከቤተሰቡ ጋር ዝምድና የለውም።

የጉድይር ድኝ ግን አንድ ምስጢር ይዞ መጣ። ድኙ ሲያንስ ጎማው ለስላሳና ተጣባቂ ይሆናል፤ ሲጨመርበት ይጠነክራል፤ እጅግ ሲበዛበት እንደ ቀንድ ይደርቅና ማበጠሪያና የብዕር ዘንግ ይሠራበታል። ጎማ ሠሪው እንግዲህ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በእጁ ላይ ሚዛን አለ ማለት ነው። ምጣኔውን ወደ አንዱ ወገን ባዘነበለ ቁጥር ከሌላው ወገን ይጎድልበታል።

በነፋስ የተሞላ ጎማ መጀመሪያ ያሰበው ስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሰን ነበር። በ1845 ያስመዘገበው ጎማ ውስጡ በጎማ የተነከረ ሸራ፣ ውጭው ግን ቆዳ ነበር። በፈረስ ሠረገላ ላይ ተገጥሞ አንዱ ጥንድ 1,200 ማይል፣ ማለትም ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዷል። ዓለም ግን ገና መኪናም ብስክሌትም አልነበራትምና ረሳችው። ከ43 ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ቤልፋስት የሚኖር ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እንዳይንገጫገጭ ብሎ ያንኑ ሐሳብ እንደ አዲስ አገኘው። በ1889 ዊሊ ሂዩም የተባለ ብስክሌተኛ በደንሎፕ ጎማ ቤልፋስት ላይ ተወዳድሮ ሁሉንም ቀደማቸው። ደንሎፕ የፈጠራ መብቱን ያጣው ወዲያው ነው፤ የቶምሰን ወረቀት ከመዝገብ ቤት ተፈልጎ ተገኘበት። ገበያው ግን ተከፈተ። በ1894 ሙኒክ ውስጥ ሒልደብራንድና ቮልፍሙለር በብዛት ተሠርቶ ለሽያጭ የቀረበውን የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌት ሲያወጡ የብረቱ ቀለበት ቀርቶ በቦታው ነፋስ የያዘ ጎማ ገብቶበታል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጎማ ከየት ይመጣ ነበር? እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ግድ ነው፤ የጎማ ማለቅ የሰው ማለቅ የሆነበት ዘመን ነበርና። የያኔው ጎማ ቶሎ ያልቃል። ቶሎ የሚያልቅ ጎማ ደግሞ ሌላ ጎማ ይጠይቃል። አውሮፓና አሜሪካ በብስክሌት ፍቅር ባበዱባቸው በ1890ዎቹ የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ የግል ርስቱ ባደረጋት ኮንጎ የመንደር ሰው ከጫካ ሐረግ ጎማ ለቅሞ እንዲያመጣ በኮታ ይገደድ ነበር። ኮታውን ያላሟላ ይገረፋል፤ ሚስቱ መያዣ ትሆናለች፤ መንደሩ ይቃጠላል። ወታደሮቹ ጥይት አለማባከናቸውን ለማሳየት የሰው እጅ ቆርጠው ያመጡ ነበር። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮጀር ኬዝመንት በ1904 የወጣ ዘገባው ይህን ለዓለም ገለጠ፤ በ1908 ኮንጎ ከንጉሡ እጅ ወጥታ በቤልጂግ መንግሥት ሥር ሆነች። በእርግጥ የጫካውን ጎማ ከገበያ ያስወጣው ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዊክሃም በ1876 ከብራዚል 70 ሺህ ገደማ የጎማ ዛፍ ዘር ጭኖ ለንደን ወዳለው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ወስዶ ነበር። የበቀለው ከ3 ሺህ በታች ቢሆንም ችግኙ ወደ ሲሎንና ማላያ ተሻግሮ በሰፊው ተተከለ። የተተከለው ጎማ የዱሩን የበለጠው አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊጀምር አካባቢ ነው።

በዚያው ዘመን ጎማን ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያስያዘው ነገር መጣ፤ እሱም ጥላሸት ነው። ጎማ በተፈጥሮው ጥቁር አይደለም። የጥንቶቹ ጎማዎች ነጣ ያሉ ወይም ግራጫ ነበሩ። ሚሽላን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ1898 የፈጠረው፣ ከጎማ ክምር የተሠራው ወፍራም ሰውዬ እስከ ዛሬ ነጭ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በ1904 ለንደን አጠገብ ሲልቨርታውን በሚባል ሥፍራ በሚገኝ ፋብሪካ ውስጥ የደቀቀ ጥላሸት ከጎማው ጋር ሲለወስ ጎማው እንደሚጠነክር ታየ። በ1910ዎቹ አሜሪካኖች ይህን በሰፊው ተጠቀሙበት፤ የጎማ ዕድሜም በብዙ እጥፍ ረዘመ። እናቶቻችን ከድስት ቂጥ ፍቀው የሚጥሉት ነገር የዓለምን መንኮራኩር ተሸከመ ማለት ነው።

ጎማ ሠሪዎች ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ ያስጨነቃቸው መቆየቱ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ገዢው ኪሎ ሜትር ይቆጥራል። መያዝን ግን ማን ቆጥሮት ያውቃል? አንድ ጎማ ስንት ጊዜ ከመውደቅ እንዳዳነህ የሚነግርህ ቆጣሪ የለም። ያላዳነህን ብቻ ነው የምታውቀው፤ እሱንም አንድ ጊዜ።

መቆጠብ የመንግሥት ጉዳይ የሆነበትም ጊዜ ነበር። በ1942 ጃፓን ማላያንና የሆላንድን ምሥራቅ ሕንድ ስትይዝ ለአሜሪካ ይሄድ ከነበረው የተፈጥሮ ጎማ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ተቋረጠ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ በዚያ ጦርነት አሜሪካ ውስጥ ቤንዚን በራሽን የሆነው በአብዛኛው ቤንዚን ጠፍቶ ሳይሆን ጎማ እንዳያልቅ ነው። ፍጥነትም በሰዓት 35 ማይል፣ ማለትም 56 ኪሎ ሜትር ላይ ተወሰነ። አንድ ባለ መኪና ከአምስት ጎማ በላይ እንዳይዝ ተከለከለ። እኛ ሰፈር የምንጠራበትን «ጎማ ቁጠባ» የሚለውን ቃል እነሱ በአገር ደረጃ ኖሩት። ችግሩ የወለደው ግን ሰው ሠራሹ ጎማ ነው። ጀርመኖች ከጦርነቱ በፊት የደረሱበትን ቅመም አሜሪካኖች በፋብሪካ አባዝተው፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል በዓመት ከ700 ሺህ ቶን በላይ ያመርቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኬሚስቱ ዛፉ የሰጠውን ብቻ ተቀብሎ የሚሠራ መሆኑ ቀረ። ጠባዩን ራሱ ይመርጥለት ጀመር።

ግን ምን ዓይነት ጠባይ? ጎማ የሚይዘው ለምንድን ነው? እስከ 1950ዎቹ ድረስ ይህን አጥርቶ የሚመልስ አልነበረም። ብዙ ሰው የሚይዘው ጥርሱ ይመስለዋል፤ እንደ ጥፍር መንገዱን የሚቧጥጥ። ጥርሱ ዋና ሥራው ውኃውን ገፍቶ ማስወጣት ነው። በደረቅ አስፋልት ላይማ መላጣ የውድድር ጎማ ከማንም በላይ ይይዛል። ካምብሪጅ ውስጥ ዴቪድ ቴቦርና ባልደረባው ግሪንውድ በ1958 ባወጡት ሥራ ጠንካራ ድቡልቡል ነገር በቅባት በራሰ ጎማ ላይ እያንሸራተቱ ሲለኩ፣ ቅባቱ መጣበቅን ካጠፋው በኋላም የሚቀር ኃይል እንዳለ አሳዩ። ያ ኃይል የሚመጣው ጎማው ሲሰረጎድና መልሶ ሲነሣ ከሚያባክነው ጉልበት ነው።

ነገሩን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሁለት የጎማ ኳሶች ወለል ላይ ጣሉ። አንዱ ይነጥራል፤ ሌላው እንደ ሊጥ ዷ ብሎ ይቀራል። የሚነጥረው የተሰጠውን ጉልበት ይመልሳል፤ በቀላሉ ይንከባለላል፤ አይግልም። እርጥብ መንገድ ላይ ግን ይከዳል። ሊጥ የመሰለው እያንዳንዷን የአስፋልት ጠጠር አቅፎ ቶሎ አይለቃትም፤ የፍጥነትህን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ያ ነው መያዝ። ታዲያ ያ ለስላሳና ሰነፍ ቅመም ይግላል፤ ጠጠሩም ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረ ይወስደዋል። ያ ደግሞ ማለቅ ነው። መያዙና ማለቁ ሁለት ጠላቶች ሳይሆኑ የአንድ ነገር ሁለት ፊት ሆነው ተገኙ። ልጁ ሱቁ ውስጥ የጠየቀው ጥያቄ ከባድ የሆነውም ለዚህ ነው።

በ1963 ግሮሽ የተባለ ተመራማሪ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረበት። የጎማ መያዝ በፍጥነትና በሙቀት ይለዋወጣል፤ ሁለቱም በአንድ ሕግ የተሣሰሩ ናቸው። ስለዚህ «ይሄ ጎማ ይይዛል?» የሚለው ጥያቄ ሙሉ አይደለም። በስንት ሙቀት ነው የሚይዘው? የውድድር ጎማ ከመነሣቱ በፊት በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ የሚሞቀው ሲቀዘቅዝ የማይረባ ስለሆነ ነው። የውድድር ጎማ ለስሙ ብሎ ገዝቶ በማለዳ ቅዝቃዜ ከሰፈሩ የሚወጣ ሰው ዕድሜውንም መያዙንም ከፍሎ ሁለቱንም አላገኘም።

ለሞተር ብስክሌት ጣጣው ከመኪና ይብሳል። መኪና አራት እግር አላት፤ አንዱ ቢከዳ ሦስቱ ይቆማሉ። ሞተረኛውን መሬት ላይ የያዙት እያንዳንዳቸው የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ቁራጭ ጎማዎች ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ ኩርባ ላይ ሲያጋድል የሚቆምበት ቦታ ከጎማው መሐል ወደ ጎኑ ይሄዳል። ቀጥ ባለ መንገድ የሚበላው መሐሉ ነው፤ ሕይወቱን የሚይዝለት ግን ጎኑ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለቱ ፊቶች ለአንድ አፍታ የታረቁ የመሰሉበት ጊዜ በ1969 ነው። በአይል ኦፍ ማን ደሴት ከ1907 ጀምሮ በሚካሄደው ውድድር፣ ማልኮም አፕሂል በትራያምፍ ቦነቪል ሞተር 60 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን የተራራ ዙር በአማካይ ከ100 ማይል በላይ በሆነ ፍጥነት ጨረሰ። ለገበያ በሚሸጥ ዓይነት ሞተር ይህ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር። ጎማውም ማንም ገብቶ የሚገዛው የደንሎፕ ጎማ ነበር። ኩባንያው ለድሉ መታሰቢያ «ቲቲ100» የሚል ስም ሰጠው፤ የዘመኑ ጎረምሳም ሁሉ ገዛው። በሥራ ቀን ወደ ቢሮ የሚሄዱበት ጎማ በእሑድ የተራራ ዙር ላይ ቢቀድም ማን ይጠላል?

ደስታው ብዙ አልቆየም። በዚያው 1969 ሆንዳ ባለ አራት ሲሊንደሩን ሲቢ750 ገበያ ላይ አዋለ። ሞተሩ ከጎማው ቀድሞ አደገ። በመጋቢት 1972 ፍሎሪዳ ውስጥ ዴይቶና ላይ በተደረገው የ200 ማይል ውድድር ሱዙኪና ካዋሳኪ አዲሶቹን ባለ 750 ሲሲ ግዙፎች አሰለፉ። ጠርዙ ወደ ላይ በተቃናው በዚያ ሜዳ ላይ ማንም የሚደርስባቸው አልነበረም፤ ጎማቸው እስኪፈርስ ድረስ። የኋላ ጎማው እየተቦጨቀ ሲወድቅባቸው ተራ በተራ ወጡ። ያሸነፈው ዶን ኤምዴ ነበር፤ በ350 ሲሲ ያማሃ። ጉልበቱ ግማሽ ቢሆንም ጎማው እስከ መጨረሻው አብሮት ነበር። (የዶን አባት ፍሎይድም በ1948 ዴይቶና ላይ አሸንፎ ነበር። የአባትና የልጅ ነገር ስለሆነ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልሆንልህ አለኝ።) ከዚያ ቀን በኋላ ጎማ በሞተረኞች ዓለም ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የሙግት ርዕስ ሆነ።

መፍትሔው ከሦስት አቅጣጫ መጣ። በመጀመሪያ የጎማው አጥንት ተለወጠ። ሚሽላን በ1946 ለመኪና ያስመዘገበው፣ ክሮቹ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው የሚዘረጉበት ራዲያል ጎማ በ1980ዎቹ ለሞተር ብስክሌትም ሆነ። ይህ ጎማ ውስጡ እርስ በርሱ ስለማይፋተግ እምብዛም አይግልም፤ የማይግል ጎማ ደግሞ ለስላሳ ቅመም መሸከም ይችላል። ሁለተኛው ነገር ሲሊካ ነው፤ ከአሸዋ ወገን የሆነ ነጭ ዱቄት። ሚሽላን በ1992 ለገበያ ባቀረበው የመኪና ጎማ የጥላሸቱን ቦታ በአብዛኛው ለሲሊካ ሰጠ። እርጥብ መንገድ ላይ የሚይዝ፣ ሲንከባለል ግን ጉልበት የማይበላ ሆነ። በኋላ ወደ ሞተር ብስክሌት ጎማም ተሻገረ። ጎማ መሐንዲሶች መያዝን፣ መቆየትንና በቀላሉ መንከባለልን በሦስት ማዕዘን ሥለው «አንዱን ጎትት፣ ሌላው ይሸሻል» ይሉ ነበር። ሲሊካ ማዕዘኑን ትንሽ አሰፋው። አላፈረሰውም።

ሦስተኛው መንገድ ግን ለኔ ከሁሉም በላይ ብልህነት ያለበት ነው። መሐሉ ይበላል፣ ጎኑ ይይዛል ብለን አልነበር? ከ2000ዎቹ ወዲህ በስፋት የተለመዱት ባለ ሁለት ቅመም ጎማዎች ችግሩን መፍታቱን ትተው ከፋፈሉት፤ መሐሉ ከጠንካራ፣ ግራና ቀኙ ከለስላሳ ቅመም በአንድ ጎማ ላይ ተጋገረ። የሁለቱ ጠባይ ጠብ አልበረደም። በመካከላቸው ድንበር ተሠመረ እንጂ።

ወደ ሱቁ ልመልሳችሁ። ልጁ ባለ ሁለት ቅመሙን ጠየቀ። ሻጩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ለትልልቆቹ ሞተሮች ነው የሚመጣው። ላንተ ቸርኬ ልክ የሚሆን አላየሁም። ዋጋውም እንዲህ በቀላሉ አይቀመስም።» ከዚያ «አሮጌውን ይዘኸዋል?» አሉት። ይዞት ነበር። ባንኮኒው ላይ አገላብጠው መነጽራቸውን አወረዱና በጎኑ ላይ በትንሿ ሞላላ ክብ ውስጥ ያሉትን አራት አሐዞች በጥፍራቸው አመለከቱ። 1115። ከ2000 ጀምሮ ጎማ የተሠራበት ጊዜ እንዲህ ነው የሚጻፈው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ጎማው በ2015 በ11ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ልጁ «አዲስ» ብሎ ከሌላ ቦታ የገዛው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት መጋዘን ውስጥ ይሁን ፀሐይ ላይ፣ የት እንዳሳለፋቸው እግዜር ይወቅ።

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ኦክስጅኑ፣ ሙቀቱና ፀሐዩ ያደርቁታል፤ የሚያለሰልሰው ቅባት ይሸሸዋል፤ ጉድይር የጀመረውን ማጠንከር ጊዜ ይጨርስለታል። ሻጩ ጥፍራቸውን አሮጌው ጎማ ላይ ጫን አደረጉ፤ ምልክት አልተወም። አዲሱ ለስላሳ ላይ ጫን አደረጉ፤ ተሰርጉዶ ቀስ ብሎ ተመለሰ። «አየህ?» አሉት፤ «ጥርስ አለው፤ ነፍስ የለውም። የነሐሴ መጀመሪያ ጠብታ ደግሞ የመኪናውን ዘይትና አቧራ ለውሶ እንደ ሳሙና ነው የሚያደርገው። በዚህ ላይ ቸርችልን መውረድ!»

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ማስላት ጀመረ። ለስላሳው ከጠንካራው በግማሽ ያህል ዕድሜ እንደሚያልቅ ሰውየው ሳይደብቁ ነግረውታል። በዓመት ሁለቴ መግዛት ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል የሁለት ወር ገቢ፣ የክንዱ ሕክምና፣ የተሰበረው የሞተር መብራት። ቁጥሩን ሲደምርና ሲቀንስ አየሁት። «የፊቱን ለስላሳ፣ የኋላውን ጠንካራ ባደርገውስ?» አለ። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳልና የሚያቆመው በአብዛኛው የፊት ጎማ ነው፤ ቶሎ የሚያልቀው ደግሞ የኋላው ነው። ሻጩ ግን አልወደዱለትም። «ሠሪዎቹ ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ ነው የሚሉት። ደግሞ አንተን የጣለህ የቱ ነበር?»

«የኋላው።»

«እንግዲህ።»

ለስላሳውን፣ ሁለቱንም ገዛ። ከመክፈሉ በፊት የሁለቱንም አራት አሐዝ በስልኩ መብራት አንድ በአንድ አነበበ። ሰውየው አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ደስ ያላቸው መሰለኝ። የነፋሱን መጠን በየሳምንቱ እንዲያስለካ፣ የመጀመሪያዎቹን መቶ ኪሎ ሜትሮች አዲሱ ጎማ የላዩ ልስላሴ እስኪገፈፍ ድረስ ቀስ ብሎ እንዲነዳ አስጠነቀቁት። ጎሚስታው በር ላይ ቸርኬውን ፈትቶ ገጠመለት።

ልንወጣ ስንል ሌላ ሞተረኛ፣ ዕድሜው ከልጁ የማይበልጥ፣ መሬት ላይ የተጋደመውን አሮጌ ጎማ አየና ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው።

«ትሸጠዋለህ ወንድሜ? ገና ጥርስ አለው እኮ።»

ጎረቤቴ ጎማውን አየ፤ ሰውየውን አየ። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞረና፣ «ጋሼ፣ ካራ አለዎት?» አላቸው።